ወገቤ ድኗል፣ ጣይባ

ሸዋ ሮቢት
ታኅሣሥ ፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለሙሀባ እናት፣ ለቤቴ ባለቤት፣ ለጣይባ፤

«የናፈቀዎ እግሬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ወገብዎ ደህና የሆነ ቀን ስሜንም አያነሱት። ከሃያ ዓመት በላይ ወገብዎን ስረግጥ አንድ ቀን አላህ ይስጥልኝ ብለውኝ አያውቁም። እኔ የሰው ሚስት ነኝ ወይስ የወገብ መድኃኒት?»

ይህ ቃል ያንቺ ነው። አማቻችን ነጅሙዲን በጻፈልሽ ደብዳቤ ላይ እንደ መጣ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ገለበጥኩት። የገለበጥኩትም ኋላ «እንዲህ አላልኩም» እንዳትይኝ ነው።

አስሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ። ሰላምታውን ወደ ታች ያወረድኩት ረስቼው አይደለም፤ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ ያ ቃል ከሰላምታ ቀድሞ አፌ ላይ ስለሚመጣ ነው። ተቆጥቻለሁ። ቁጣዬ እስኪበርድ ብዬ አንድ ጨረቃ ሙሉ ብዕር አላነሣሁም። አልበረደም። እንግዲህ እንደተቆጣሁ እጽፋለሁ። አንቺም ከፈለግሽ ተቆጥተሽ አንብቢው፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ቋንቋው አማርኛ፣ ፊደሉ ግን የዐረብ መሆኑን ታያለሽ። አባትሽ ቁርኣን ያስቀሩሽ እንዲህ ላለው ቀን ነው። ነጅሙዲን ደግ ልጅ ነው፤ ነገር ግን አማች ነው፣ አማች የአማቱን ደብዳቤ ለአማቱ እያነበበ እንዲኖር አልፈልግም። ያለፈውን የላክሁት በፖስታ ስለነበር በእኛው ፊደል መጻፍ ግድ ሆነብኝ፤ በዐረብ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ሲያገኙ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚዎች ምስጢር ያለበት ይመስላቸውና ወር ሙሉ ያስቀምጡታል። ይህኛው ግን ድሬዳዋ ድረስ በወንድምሽ በሐሚድ ኮሮጆ ነው የሚመጣው። የሚከፍተው የለም። ስለዚህ ዛሬ የማፍረው ካንቺ ብቻ ነው።

ያለፈው ደብዳቤዬ ምን ይል ነበር? «ሙሀባ በሰላም በመገላገሏ አልሐምዱሊላህ። ወገቤ ጠንቶብኛል። አራሷ ከተነሣች ቶሎ ነይ።» ይህንኑ ነው ያልኩት። አራሷ ከተነሣች ቆየች። የልጅ ልጃችን ኢብራሂም ተደግፎ መቀመጥ ጀመረ ብለሽ የጻፍሽው አንቺው ነሽ። አንቺ ግን አልመጣሽም፤ በምትክሽ ያ ጥያቄ መጣ፤ የሰው ሚስት ነኝ ወይስ መድኃኒት።

እስኪ ልጠይቅሽ። ሽበት ያረፈበት ሰው፣ በመጀመሪያ ደብረ ብርሃን ላይ የማያውቀው አስተርጓሚ ለሚያነበው፣ ቀጥሎ አማቹ ጮክ ብሎ ለሚያነበው፣ ልጁ ጡት እያጠባች፣ ጎረቤት ገንፎ ይዞ ገብቶ ለሚሰማው ደብዳቤ፣ ሚስቱን «እንዲህ እንዲህ ሆኜልሻለሁ» ብሎ ይጽፋል? እፍረት ያለው ሰው «ወገቤን አመመኝ» ይላል። አባቴ ከግመል ጋር ዘይላ ወርዶ ሲቆይ ለእናቴ በሰው አፍ የሚልክባት «ሸሚዜ ተቀዷል በሏት» ብሎ ነበር። መልእክተኛው ሸሚዝ መስሎት ይነግራታል። እሷ ፊቷን አዙራ ትስቅና ቤቱን ማሰናዳት ትጀምራለች። አንድ ጊዜ እንኳን «ሸሚዙ ነው የናፈቀው ወይስ እኔ» ብላ አልከሰሰችውም። ይህን ታሪክ ካንቺ ጋር አልዩ አምባ ሰርግ ቤት ተቀምጠን ነግሬሻለሁ፤ አንቺም ስቀሽ ነበር።

ይሁን እንጂ እኔ ውሸት አልጻፍኩም። ወገቤ በእውነት ታሞ ነበር። አሁን ደግሞ ድኗል፣ ጣይባ። ይህ ደብዳቤ የሚጻፈው ስለዚህ ነው። «የዳነ ቀን ስሜን አያነሡም» ብለሽ ፈርደሽ የለም? እነሆ ድኗል፤ እንዴት እንደዳነም አንድ በአንድ አስረዳሻለሁ፣ በኋላ «ለማስመጣት ነው» እንዳትይ።

የምነዳትን የጭነት ካሚዮን መቀመጫ ታውቂዋለሽ። ከጎኔ ተቀምጠሽ ደብረ ሲና ስትወጪ «ይሄ መቀመጫ ነው ወይስ የሰይጣን ጉልበት?» ያልሽው ነው። ከቆዳው በታች በእኔ በኩል ያለው ሞላ ተሰብሯል፣ ስለዚህ ወደ ግራ ያዘምማል። መደገፊያው እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። የሠራው ሰው እግሩ ረጅም ነበር መሰል፣ ፍሬኑን ለመርገጥ ወደ ፊት መንሸራተት አለብኝ፤ ስንሸራተት ወገቤ ከመደገፊያው ይለቅና አየር ላይ ይንጠለጠላል። ከሮቢት እስከ አርማንያ ድንጋዩ ሲያነጥረኝ፣ ከአርማንያ ወዲያ ዳገቱ ሲጎትተኝ፣ ደብረ ሲና ስደርስ የምወርደው እንደ ታጠፈ ቢላ ሆኜ ነበር። አንቺ እያለሽ ማታ ትረግጪኝና ጠዋት እቃናለሁ። ከሄድሽ በኋላ ግን እንደ ታጠፍኩ አድሬ እንደ ታጠፍኩ እነሣለሁ። የመኪናዋ ሸሪኬ በድሩ ጥጥና ማሽላ አስጭኖ ሲልከኝ እያየኝ ይስቃል።

«ቃሲም፣ ካይሮ አዝሀር ያስተማሩህ ለሩኩዕ ማጎንበስ ብቻ ነው እንዴ? ቀና በላ!»

«መኪናው ያንተም ነው። እስኪ አንተ አንድ ቀን ውጣበትና ቀና ብለህ ና።»

«እኔ ነጋዴ ነኝ። የተማረ ሰው ነው መሪ የሚይዘው።»

የሱን ምክር ሰምቼ ጥጥ የሞላ ከረጢት አነጠፍኩ፤ እንደ ሊጥ ተዝረጥርጦ ይብሱን አሰመጠኝ። የበግ አጎዛ አነጠፍኩ፤ በሮቢት ሙቀት አጎዛ ላይ መቀመጥ ምን እንደሆነ ልነግርሽ አልፈልግም። በወገቤ ዙሪያ መቀነት አጥብቄ አሰርኩ፤ መተንፈስ አቃተኝ። የደብረ ሲና ሰዎች ቅቤ አሽተው በክንዴ አንጠለጠሉኝ። ምንም።

ከዚያ ደብዳቤሽ መጣ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ወገቤን ያዳነው ያ ደብዳቤ ነው። ቁጣ ሰውን አስተዋይ ያደርጋል። «ያለ እግሯ እድናለሁ፣ ድኜም አሳያታለሁ» አልኩና ወገቤን እንደ ኪታብ ምዕራፍ በምዕራፍ ማጥናት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያገኘሁት የሚያሳፍር ነገር ነው። የይለፍ ወረቀቴን የምይዝባት የቆዳ ኮሮጆ በወገቤ ላይ ተንጠልጥላ ቀኝ መቀመጫዬ ሥር ትውል ነበር። ለካ ቀኑን ሙሉ በአንድ በኩል ጡብ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ተጣምሜ ነው የምነዳው። በደረቴ በኩል አንጠለጠልኳት። ቀጥሎ አንድ ሳሕን ውሃ ሞልቼ መቀመጫው ላይ አስቀመጥኩ። ውሃው ወደ ግራ ፈሰሰ። በግራው በኩል ከሥር የዋንዛ ሽብልቅ እየከተትኩ፣ ውሃው ከሳሕኑ ከንፈር ጋር እኩል እስኪቆም ድረስ አስተካከልኩት። ከዚያ ብሎኖቹን ፈትቼ የራሴን መቀመጫ አንድ ስንዝር ወደ ፊት አስጠጋሁ። አሁን ፍሬኑን ስረግጥ ጉልበቴ ትንሽ እንደ ታጠፈ ነው፤ ጀርባዬ መደገፊያውን አይለቅም።

ይህ ሁሉ አሻለኝ እንጂ አላዳነኝም። የቀረው መሐሉ ነው፤ ከትከሻና ከመቀመጫ መካከል ያለው ጎድጓዳ። እዚያ ላይ የሚደገፍ ነገር ያስፈልጋል፤ ግን የት ላይ፣ ምን ያህል ውፍረት? ከፍ ካለ ይገፋል፣ ዝቅ ካለ አይረባም። በገዛ እጄ ጀርባዬን መለካት አልቻልኩም፤ ሌላ ሰው እንዲለካኝ ደግሞ አልፈለግኩም። አንድ ጠዋት ሮቢ ወንዝ ወረድኩና እርጥቡ አሸዋ ላይ በጀርባዬ ተዘርግቼ ተኛሁ፤ ስነሣ የጀርባዬን ቅርጽ እንዳየው። እንዳልነቃነቅ ዐይኔን ጨፍኜ ሳለሁ ውሃ ቀጂ ሴቶች ደረሱ።

«ያ ረቢ! ጋሼ ቃሲም! ነፍስ አለዎ?»

«አለኝ። አትቅረቡ፣ አሸዋው እንዳይበላሽ።»

«እኛ እኮ የሚገንዝ ሰው ልንጠራ ነበር!»

«ከመጣ ይቆይ። ገና ልኬን እየወሰድኩ ነው።»

«የመቃብር ልክ በገዛ እጅ ይወሰዳል እንዴ፣ ጋሼ?»

ከኋላ የነበረችው፣ ማን እንደሆነች ድምጿን አልለየሁትም፣ «ተይያቸው፣ እትዬ ጣይባ ድሬዳዋ ቀርተውባቸው እኮ ነው አሸዋ አቅፈው የሚተኙት» አለች። ሳቁ እስከ ማዶ ተሰማ። ተነሥቼ የሚገባትን ልነግራት ፈለግኩ፤ ግን ብነሣ ልኬ ይበላሻል። ስድቡን ዋጥኩና ተኛሁ። እስከ ዛሬ ለሳይንስ ከዚህ የበለጠ መሥዋዕት አልከፈልኩም።

ሲሄዱ ቀስ ብዬ ተነሣሁና አየሁት። ትከሻዬ ጠልቆ ታትሟል፣ መቀመጫዬ ጠልቆ ታትሟል። በመካከላቸው ግን አሸዋው እንደ ነበረ ነው፤ ምንም አልነካውም። ያ ቦታ የት ላይ እንደሆነ አንቺ ሳላሳይሽ ታውቂዋለሽ። በሸምበቆ ከፍታውን ለካሁ፣ በጣቴ ጥልቀቱን ለካሁ። ቤት ገብቼ ሰሌን ጠቅልዬ፣ በላዩ ጥጥ አልብሼ፣ በጨርቅ ሸፍኜ መደገፊያው ላይ በልኩ አሰርኩት።

ጨርቁ ያንቺ ሻሽ ነው፤ በሩ ኋላ ተሰቅሎ የቀረው ሰማያዊው። ሌላ ጨርቅ ስለጠፋ ነው። ሳጥኑ ሙሉ ጨርቅ አለ እንዳትይኝ፣ ቁልፉን የት እንዳስቀመጥሽው አላውቅም።

ይህንንም ራሴ የምነግርሽ ከሌላ ከምትሰሚው ብዬ ነው። ባለፈው ጀውሃ ኬላ ላይ አንድ የጣሊያን ወታደር ከነአስካሪው፣ ከነጥቁር ወታደሩ፣ አስቆመኝ። ጫካ ላሉት ሰዎች ደብዳቤና ጥይት በመኪና ይተላለፋል የሚል ወሬ ነበር። አስካሪው መደገፊያውን አየና በሳንጃ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

«እዚህ ውስጥ ምን ደበቅህ?»

«ወገቤን።»

«ቀልድ የለም! ፍታው!»

ፈታሁት። ሻሹን ዘረጋው፤ ዳር ዳሩ ላይ የጠለፍሽው ቀይ ክር ሲታይ ከጭነቱ ላይ የነበሩት መንገደኞች ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ። ጣሊያኑ አንድ ነገር ተናገረና ሳቀ። አስካሪው ለእኔ ሊያስረዳኝ ፈልጎ «የሴት ነው ወይ? ይላል» አለኝ። «የቤት ነው በለው» አልኩት። ጥጡ መንገዱ ላይ ተበትኖ ለቃቀምኩ። ሻሹን ግን አስካሪው ራሱ አጥፎ መለሰልኝ፤ ለምን በጥንቃቄ እንዳጠፈው አላውቅም። እሱም የሆነ አገር የሆነች ሰው አለችው ይሆናል። ለአስካሪ ማዘን አልፈለግኩምና ሞተሩን አስነሥቼ ሄድኩ። ማታ እንደገና ሰፋሁት።

አንድ የቀረ ነገር ቢኖር ቶሎ ቶሎ መውረድ ነው። እንደ ድሮው ከሮቢት ተነሥቼ ሳልወርድ ደብረ ሲና አልገባም። አርማንያ እወርዳለሁ፣ መኪናዋን እዞራለሁ፣ የጭነቱን አግዳሚ ይዤ እንደ ዘንዶ እንጠራራለሁ። በድሩ አንድ ቀን አብሮኝ ወጥቶ «ይሄ ስንተኛው ሶላት ነው?» አለኝ። ይሳቅ። ማሽላው ሳይሰበሰብ ሕመሙ ለቀቀኝ። ትላንት ሁለት ጆንያ በገዛ ትከሻዬ አወረድኩ፤ ሐሚድ ምስክሬ ነው፣ ጠይቂው።

እንግዲህ ፍርድሽን እንመርምር። «የናፈቀዎ እግሬ ነው» ብለሻል። ተረከዝሽ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አሁን ሰሌንና ጥጥ አለ፤ ሥራውንም በሚገባ ይሠራል። የናፈቀኝ እግርሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዐርፌ መተኛት ነበረብኝ። አላረፍኩም። ስለዚህ ክስሽ ሐሰት ነው።

ማስረጃ ልጨምርልሽ። የጋቢናው ያንቺ ወገን መቀመጫ እንዳለ ነው። ሽብልቁን ያደረግኩት በእኔ በኩል ብቻ ነው፤ ያንቺን አልነካሁትም፣ ሰውም አላስቀመጥኩበትም። በድሩ ይጮኻል፤ «ጋቢና እየለመኑህ ሰውን ጆንያ ላይ ታሳፍራለህ!» ይላል። ባለፈው ሳምንት ጀውሃ የመሪያም ምግብ ቤት በር ላይ ሹሮ እየበላሁ አንድ የከሚሴ ነጋዴ መጣ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ባዶ ነው አይደል? ጉልበቴን ያመኛል።»

«ባዶ አይደለም።»

ተንጠራርቶ በመኪናዋ መስኮት አየ። «ማን አለበት?»

እኔ አፌን ሳልከፍት መሪያም ከጓዳዋ ሆና፣ «የድሬዳዋ ሰው አሉበታ! አይታዩህም እንዴ፣ ተከናንበው ተቀምጠው?» አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ግራ ገብቶት ለባዶው መቀመጫ «አስሰላሙ ዐለይኩም» ብሎ ጆንያ ላይ ወጣ። እኔ ሹሮውን ሳልጨርስ ተነሣሁ። መሪያም «ተቆጡ እንዴ ጋሼ? እኔ እኮ ቦታቸውን ነው ያስከበርኩላቸው» እያለች እስከ መኪናው ተከተለችኝ፤ የቀረውን በቅጠል ጠቅልላ አቀበለችኝ፤ በመስኮቱ፣ ባንቺ በኩል።

የዚያን ዕለት ወደ ላይ ስወጣ ከደብረ ሲና በታች ጉም ወረደ። ብርዱ ባንቺ በኩል ገባ። «መስኮቱን ዝጊው» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ እንደ ልማዴ ተቆጥቼ። ማንም አልዘጋውም። መኪናዋን አቁሜ፣ ዞሬ ሄጄ፣ ከውጭ ዘጋሁት፤ ከውስጥ ሆኜ እጄን ዘርግቼ መዝጋት እንደምችል ያወቅኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። የተማረ ሰው ምን ያህል እንደሚደነቁር እንድታውቂው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቃልሽ ልምጣ፤ «አንድ ቀን አላህ ይስጥልኝ ብለውኝ አያውቁም» ወዳልሽው። ይህኛው ከሁሉም ይበልጥ አቆሰለኝ፤ ምክንያቱም እውነት ነው፣ የከለከላችሁኝ ደግሞ እናንተው ናችሁ።

የተጋባን ዓመት አልዩ አምባ ዳገት ላይ ወገቤ ተቆልፎ በቃሬዛ አባትሽ ቤት አስገቡኝ። በሆዴ አስተኙኝ። እናትሽ እትዬ ሐጂራ ከራሴ በላይ ቆመው ምን አሉ? «ልጄ በእግሯ ነው የተወለደችው፣ ተረከዟ መድኃኒት ነው። ግን ስትረግጥህ አፍህን ያዝ! የረገጠችህን ያመሰገንካት ቀን ሕመሙ ጓዙን ጠቅልሎ ይመለሳል።» እኔም ተኝቼ፣ ይህ ነገር በሸሪዓ መሠረት እንደሌለው ከነማስረጃው ላስረዳቸው ጀመርኩ። አንቺ ያን ጊዜ ወጣሽብኝ፤ ክርክሬ መሐል ላይ ተቋረጠ። ጠዋት በእግሬ ቆምኩ። ምን ላድርግ? እኔ አዝሀር ተምሬያለሁ፤ ወገቤ ግን አልተማረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አፌን ያዝኩ። በመጀመሪያ የያዝኩት ስትረግጪኝ ብቻ ነበር። ኋላ ግን ስለ ወጥሽ ባመሰግንሽ፣ ስለ ውሃው ባመሰግንሽ፣ ምላሴ ለምዶ ወደዚያኛው እንዳይሻገር ሠጋሁ። ሁሉንም ያዝኩ። ይኸውልሽ፣ ትእዛዝን በልኩ የሚጠብቅ ሰው ያገባሽ እንደሆነ እንዲህ ነው። አንቺም ታውቂያለሽ ብዬ ነበር። በየጊዜው ከጀርባዬ ወርደሽ ስትቆሚ፣ እኔ ዝም ስል፣ አንቺም ዝም ስትይ፣ ያ ዝምታ ስንት ቃል እንዳለበት የምናውቀው ሁለታችን ነን ብዬ ነበር። ለካ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አሁን ግን ወገቤ በራሱ መድኃኒት ቆሟል። ያንቺን ተረከዝ አልፈልግም። ስለዚህ አፌን የሚይዘኝ ሕግ የለም። እንግዲህ ስሚ፦

አላህ ይስጥልኝ፣ ጣይባ።

ለመጀመሪያው ሌሊት አላህ ይስጥልኝ። ከዚያ ወዲህ ለረገጥሽኝ ሌሊት ሁሉ አላህ ይስጥልኝ። ለወጡ፣ ለውሃው፣ ጣሊያኖቹ ትምህርት ቤታቸው አስተምር ብለው ሲጠሩኝ «የነሱን ቃል ከምሸከም የገበሬ ጥጥ ብሸከም ይሻለኛል» ብዬ ስመለስ፣ ነገ ምን እንበላለን ሳትይ በሩን ለከፈትሽልኝ አላህ ይስጥልኝ። ሙሀባን ስለወለድሽልኝ። ከሰው ፊት ስቆጣሽ ከሰው ፊት ስላልመለስሽልኝ።

ተጻፈ። በእናትሽ ሕግ መሠረት ካሁን በኋላ እግርሽ ለኔ ወገብ አይሠራም። ብትረግጪኝም አይፈውሰኝም። መድኃኒትነትሽን በገዛ እጄ፣ በቀለም አፈረስኩት። የቀረው የሰው ሚስት ነው።

እኔ መጥቼ አልወስድሽም፤ መውሰድ አልችልም። ያንን ትምህርት ቤታቸውን እምቢ ካልኩ ወዲህ ይለፌ ከደብረ ሲና እስከ ጀውሃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፍኩ መኪናዋም እኔም አንመለስም። በየሳምንቱ ደብረ ሲና የመጨረሻው ቤት ድረስ እሄድና መኪናዋን አዞራለሁ። ስዞር መንገዱ ወደ ላይ ሲቀጥል ይታየኛል። ሐሚድ ግን ከድሬዳዋ ጥር ፲፭ ቀን ይነሣል፤ አረፋን እዚህ ለመዋል ነው። ወንድምሽ ነው፣ መንገድሽ በሸሪዓም በሰውም የተጠበቀ ነው። ደብረ ሲና ድረስ ያደርስሻል፤ ከዚያ ወዲህ የእኔ መንገድ ነው።

የቤቱን ነገር ልንገርሽ፤ ፍየሏ ሁለት ወልዳለች። የጓሮው ሎሚ በዝቶ ለጎረቤት ሰጠሁ፤ «ጋሼ ቃሲም ሎሚ ሰጡ» ተብሎ ወሬ ሆኗል። ሌሊት ሌሊት ከላይ ከተራራው ተኩስ ይሰማል፣ ቀን ጸጥታ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ሙሀባን አላህ ጡቷን ያለምልምላት። ነጅሙዲንን በጸሐፊነቱ እንዳልተቀየምኩ ንገሪው። ኢብራሂምን አላህ ያሳድገው፣ ጀርባው እንደ አያቱ አይሁን። አንቺንም በሄድሽበት በውሃው በሙቀቱ ይጠብቅሽ፣ እግርሽን ድንጋይ አይንካው። አሚን።

የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ልጃገረድ ለኒካሕ ፈቃዷ ሲጠየቅ ዝም ካለች ዝምታዋ ፈቃድ ነው። በአባትሽ ቤት ስትጠየቂ አንቺም ዝም ብለሽ ነበር፤ እኔም ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ያንን ዝምታ ሰምቼ ነው የተነሣሁት። አሁን ግን አንቺ ልጃገረድ አይደለሽም። ባል የምታውቅ ሴት ፈቃዷን በአንደበቷ መግለጽ አለባት፤ ሕጉ እንዲህ ይላል፣ በዚህም ላይ ኡለማው አልተከራከሩም። ስለዚህ ዝምታሽን እንደ እሺታ አልቀበለውም። እንደ እምቢታም አልቀበለውም። ሐሚድ በቃል «እንዲህ አለች» ብሎ የሚያመጣልኝንም አልቀበልም። ብትመጪ እንኳን ወረቀቱን በእጅሽ ይዘሽ ነይ፤ መጀመሪያ ወረቀቱን በመስኮቱ ትሰጪኛለሽ፣ አነበዋለሁ፣ ከዚያ በሩን እከፍትልሻለሁ።

በገዛ እጅሽ፣ በአባትሽ ፊደል፣ አንዲት ቃልም ብትሆን፣ እስከ ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. መልስሽን ጽፈሽ እንድትልኪልኝ እጠይቃለሁ።

ባልሽ
ቃሲም